ሁለቱ ኬላዎች፦ የስልክ መደብር «አይሆንም» ሲለን

ቢስሚላሂር ረሕማኒር ረሒም

  

ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ ከላስታ ደጋ እስከ አዲስ አበባ ድረስ በብዙ ቤት የሚያጋጥም ነው። ልጅ ከሪያድ ወይም ከቤይሩት ለእናቷ ስልክ ትልካለች። እናትም ቁርኣን ልታዳምጥበት፣ የሶላት ሰዓት ልታውቅበት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የልጇን ፊት ልታይበት ትጓጓለች። ታዲያ ወንድም ወይም የጎረቤት ልጅ አፑን ሊያወርድላቸው ሲሞክር መደብሩ «ከመሣሪያዎ ጋር አይስማማም» ይላል። ሌላ ጊዜ ደግሞ «በአገርዎ አይገኝም» ይላል። አንዳንዴ ጭራሽ ምንም ሳይል፣ የተፈለገው አፕ ከዝርዝሩ ውስጥ ይጠፋል። ቤተሰቡም ስልኩን ይዞ ወደ ሞባይል ቤት ይሄዳል። ከዚያ ወዲያ ገንዘብ ይወጣል፤ አንዳንዴም ከገንዘብ የሚበልጥ ነገር ይወጣል።

ለመሆኑ እነዚህ ሁለት መልሶች አንድ ናቸውን? በፍጹም አይደሉም። ምክንያታቸውም መፍትሔያቸውም ለየቅል ነው። ልዩነቱን ያላወቀ ሰው ጥፋት የሌለበትን ስልክ ሸጦ ሌላ ይገዛል፤ ወይም በምንም መንገድ ሊሆን የማይችለውን ነገር «እኔ እሠራልሃለሁ» ለሚለው ሁሉ ስልኩን አሳልፎ ይሰጣል።

ነገሩን በምሳሌ እንየው። ከወልድያ ተነሥቶ በጋሸና በኩል ወደ ላሊበላ ጭነት ይዞ የሚመጣ መኪና ሁለት ኬላ ገጠመው እንበል። አንደኛው ኬላ መኪናውን ይመረምራል፤ ጎማው፣ ፍሬኑ፣ የመጫን አቅሙ ይታያል። ሁለተኛው ኬላ ግን መኪናውን ዞር ብሎም አያየውም፤ የሚጠይቀው «ይህ ዕቃ ወደዚህ አካባቢ እንዲገባ ተፈቅዷልን?» ብሎ ነው። በመጀመሪያው ኬላ የታገደ ሰው መኪናውን ማስጠገን ወይም መለወጥ ይችላል። በሁለተኛው ለታገደ ሰው ግን አዲስ መኪና ቢገዛ ምን ይጠቅመዋል? የስልክ መደብርም እንዲሁ ነው።

አንደኛው ኬላ፦ ስልኩ

አፕ የሚሠራ ባለሙያ ሥራውን ወደ ጉግል ፕሌይ ስቶር ሲያስገባ፣ አፑ እንዲሠራ የሚያስፈልገውን ሁሉ አብሮ ያሰፍራል። ዝቅተኛው የአንድሮይድ ቨርዥን የትኛው እንደሆነ፣ ለምን ዓይነት ፕሮሰሰር እንደተዘጋጀ፣ ካሜራ፣ ጂፒኤስ ወይም ኮምፓስ የግድ ያስፈልገው እንደሆነ ይገልጻል። መደብሩም ይህን ከስልካችሁ ጋር ያስተያያል። ከተጠየቁት አንዱ ከጎደለ አፑን ይደብቀዋል፤ ወይም «አይስማማም» ይላል።

ለሙስሊም ቤተሰብ ቅርብ የሆነውን የቂብላ አፕ እንውሰድ። ቂብላ የሚያሳየው ቀስት የሚዞረው ስልኩ ውስጥ መግነጢስን የሚለይ ሴንሰር ሲኖር ነው። ዋጋቸው ዝቅ ያለ ብዙ ስልኮች ደግሞ ይህ ሴንሰር የላቸውም። ባለሙያው «ኮምፓስ የግድ ነው» ብሎ ካሰፈረ አፑ በእነዚህ ስልኮች ላይ አይወጣም። ያላግባብ ከተጫነም ቀስቱ ባለበት ይቆማል፤ ወይም ወዳልሆነ አቅጣጫ ያመለክታል። ስልኩ አልተበላሸም፤ የተጠየቀው ዕቃ ከመጀመሪያው አልተገጠመለትም። በዚህ ምክንያት ስልክ መለወጥ ገንዘብ ማባከን ነው።

ደግሞስ የላስታ ሰው ለቂብላ ያን ያህል ይቸገራልን? ላሊበላ በግምት በ12 ዲግሪ ሰሜንና በ39 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ትገኛለች። መካ ደግሞ በ21 ዲግሪ ተኩል ግድም ሰሜንና ወደ 40 ዲግሪ በሚጠጋ ምሥራቅ ላይ ናት። ይህ ማለት ከላሊበላ የሚነሣ የቂብላ መሥመር በቀጥታ ወደ ሰሜን ሄዶ፣ ከ4 እስከ 5 ዲግሪ ብቻ ወደ ምሥራቅ ያዘነብላል ማለት ነው። ፀሐይ መውጫን በቀኝ ትከሻው፣ ፀሐይ መግቢያን በግራ ትከሻው አድርጎ የቆመ ሰው ፊቱ ወደ ሰሜን ነው። እርግጥ ነው፣ የፀሐይ መውጫ እንደ ወራቱ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ይላል፤ ይበልጥ ልክ የሚሆነው በመስከረምና በመጋቢት ነው። በሌላው ወር የአካባቢው መስጊድ ሚሕራብ አለላችሁ። አባቶቻችን በዚህ ተራራ ላይ ሲሰግዱ ኖረዋልና፣ ቀስት የሌለው ስልክ ሶላታችሁን አያጎድልም።

ወደ ጉዳያችን እንመለስ። ሌላው ምክንያት የቨርዥን ማርጀት ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣውን አንድሮይድ 4.4 ጉግል በ2023 መደገፉን አቁሟል፤ በዚያ ላይ ያሉ ስልኮች ከመደብሩ የሚያገኙት እየቀነሰ ይሄዳል። የሜሞሪ ማነስም አለ። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ 1 ጊጋ ባይትና ከዚያ በታች ራም ላላቸው ስልኮች «አንድሮይድ ጎ» የሚባለውን ቀለል ያለ ሶፍትዌር ያወጣው ለዚህ ነው። እንዲህ ያለ ስልክ የያዘ ሰው ከባዱን አፕ ከመታገል ይልቅ፣ የአፑ «ላይት» የሚባል ቀላል ዓይነት እንዳለ ቢፈልግ ይሻለዋል።

ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ ነገሩ በተቃራኒውም መኖሩን ነው። ስልክ ብቻ ሳይሆን አፕም ያረጃል። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2022 ባስታወቀው ደንብ መሠረት፣ ለረጅም ጊዜ ያልታደሱ አፖች አዳዲስ ቨርዥን ባላቸው ስልኮች ላይ ለአዲስ ተጠቃሚ አይታዩም። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው አንድሮይድ 14 ደግሞ እጅግ ላረጁ አፖች፣ ከመደብር ውጭ እንኳ ቢመጡ፣ በሩን ዘግቷል። አንድ ወንድም ከብዙ ዓመት በፊት ለአላህ ብሎ የሠራው፣ ከዚያም ሳያድሰው የቀረ የአማርኛ ዱዓ ወይም ሐዲስ አፕ በአባት አሮጌ ስልክ ላይ እየሠራ፣ በልጅ አዲስ ስልክ ላይ «የለም» የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው። አዲሱ ስልክ ጥፋት የለበትም።

ከዐረብ አገር ስለሚላኩ አሮጌ አይፎኖችም አንድ ነገር እንበል። አይፎን 6 ከአይ.ኦ.ኤስ 12 አያልፍም፤ አይፎን 7 ደግሞ 15 ላይ ይቆማል። ሆኖም አፑ ቀደም ሲል በዚያው አካውንት ወርዶ ከነበረ፣ መደብሩ ብዙ ጊዜ «ለስልክዎ የሚስማማውን የመጨረሻውን ቨርዥን ላውርድ?» ብሎ ይጠይቃል፤ «አዎ» በሉት። እ.ኤ.አ. ከ2019 የአሜሪካ መንግሥት እገዳ በኋላ የወጡ አዳዲስ የሁዋዌ ስልኮችም የጉግል መደብር ሳይኖራቸው ለገበያ እንደሚቀርቡ ከመግዛት በፊት ማወቅ ይበጃል።

በመጨረሻ፣ አስመስለው የተሠሩ ስልኮች አሉ። ላያቸው ላይ ትልቅ ስም፣ በማሳያቸው ላይ ትልቅ የሜሞሪ ቁጥር ይጻፋል፤ ውስጣቸው ግን ሌላ ነው። በላሊበላ የቅዳሜ ገበያም ሆነ በመርካቶ ስልክ የምትገዙ ሰዎች፣ ገንዘቡን ከመቁጠራችሁ በፊት ፕሌይ ስቶርን ክፈቱና ከቅንብሩ ውስጥ ስለ መደብሩ የሚገልጸውን ክፍል ተመልከቱ። መሣሪያው በጉግል የተረጋገጠ መሆኑ ወይም አለመሆኑ እዚያ ተጽፎ ይገኛል። «አልተረጋገጠም» ካለ ስልኩን ለባለቤቱ መልሱለት።

ሁለተኛው ኬላ፦ አገሩ

አሁን ወደ ሁለተኛው እንለፍ። ይህኛው ኬላ ስልካችሁ የቱንም ያህል አዲስና ውድ ቢሆን አይገደውም።

የአፕል መደብር በ175 አገሮችና ግዛቶች እንደሚሠራ ኩባንያው ይገልጻል። አገራችን ኢትዮጵያ በዚያ ዝርዝር ውስጥ የለችም። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2020 መደብሩን ለ20 ተጨማሪ አገሮች ሲከፍት ከአህጉራችን ካሜሩን፣ ኮትዲቯር፣ ዲሞክራቲክ ኮንጎ፣ ጋቦን፣ ሊቢያ፣ ሞሮኮ፣ ሩዋንዳና ዛምቢያ ገብተዋል፤ እኛ ግን አልገባንም። እንግዲህ በኢትዮጵያ ውስጥ አይፎን ይዞ አፕ የሚያወርድ ሰው ሁሉ፣ አወቀውም አላወቀው፣ በሌላ አገር ስም በተከፈተ አካውንት ነው የሚጠቀመው። የአገራችን ባንክ ለአይፎን ደንበኞቹ ያወጣው አፕ እንኳ እዚሁ አገር ላለው ደንበኛ የሚደርሰው በባዕድ አገር መደብር በኩል ነው። ነገሩ ያስገርማል፤ እውነታው ግን ይኸው ነው።

የጉግል መደብር ደግሞ ለኢትዮጵያ ክፍት ነው። ነገር ግን እያንዳንዱ ባለሙያ አፑ በየትኞቹ አገሮች እንዲታይ እንደሚፈልግ ራሱ ይመርጣል። ኢትዮጵያን ካልመረጠ አፑ እኛ ዘንድ የለም። የሚከፈልባቸው አፖች ደግሞ የውጭ አገር ክፍያ የሚፈጽም የባንክ ካርድ ስለሚጠይቁ፣ ለብዙ ቤተሰብ ያው የተዘጉ ያህል ናቸው።

ጉግል አገራችሁን የሚያውቀው ከምን ይመስላችኋል? በዋናነት በአካውንታችሁ ውስጥ ከተመዘገበው የክፍያ መረጃ ነው። ስለዚህ ከሳዑዲ የተመለሰች እህት በሳዑዲ የተመዘገበ አካውንቷን ይዛ ከመጣች፣ ላሊበላ ተቀምጣም የሳዑዲን መደብር ልታይ ትችላለች። አገሩን መለወጥ የሚቻለው በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ለዚያውም በአገሩ ውስጥ መገኘትንና የዚያን አገር የክፍያ መንገድ ይጠይቃል። ቪፒኤን መክፈት ይህን ምዝገባ አይለውጠውም። «ቪፒኤን ጫንኩ፣ አፑ ግን አልመጣልኝም» የሚሉ ወጣቶች መልሱ ይኸው ነው።

ይህ ኬላ ለምን ተተከለ? ምክንያቱ ሁልጊዜ አንድ አይደለም። አንዳንዱ የመንግሥት ትእዛዝ ነው። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2021 አፕል «ቁርኣን መጂድ» የተባለውን፣ በዓለም ዙሪያ በሚሊዮኖች የሚጠቀሙበትን የቁርኣን አፕ ከቻይና መደብሩ አንሥቷል፤ የተነሣውም በቻይና ባለሥልጣናት ጥያቄ ነበር። በሌላው ዓለም ያለ ሙስሊም ያንኑ አፕ ሲቀራበት፣ የቻይና ሙስሊም ግን ተከለከለ። አንዳንዱ ማዕቀብ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2017 አፕል የኢራናውያንን አፖች ያስወገደው የአሜሪካን ማዕቀብ ጠቅሶ ነው። አንዳንዱ በአገሮች መካከል የተፈጠረ ጠብ ነው፤ ሕንድ በጁን 2020 ቲክቶክን ጨምሮ 59 የቻይና አፖችን ስታግድ ከመደብሮቹም ወጥተዋል። ሌላው ደግሞ ተራ የንግድ ስሌት፣ ወይም የድምፅና የጽሑፍ ባለመብትነት ጉዳይ ነው። ባለሙያው አገራችንን ለመምረጥ ያላሰበበት ጊዜም አይጠፋም።

ለዚህ የመጨረሻው ቀላል መፍትሔ አለ። በእያንዳንዱ አፕ ገጽ ላይ የባለሙያው የኢሜይል አድራሻ ሰፍሮ ይገኛል። «በኢትዮጵያ አይታይም፤ ብትከፍቱልን» ብሎ በአክብሮት መጻፍ ምንም አያስከፍልም። ጠያቂ የሌለው በር ተዘግቶ ቢቀር ምን ይደንቃል?

መንገዱ ራሱ ሲዘጋ

ከሁለቱ ኬላዎች ሌላ፣ የእኛ አካባቢ ሰው ጠንቅቆ የሚያውቀው ሦስተኛ ነገር አለ፤ እሱም መንገዱ ራሱ ሲቆረጥ ነው። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2023 በአገራችን ቴሌግራም፣ ፌስቡክ፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ ለወራት ታግደው ቆይተዋል። በዚያው ዓመት ኦገስት ውስጥ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ብዙ ወራት አልፈዋል። በዚያን ጊዜ መደብሩ የሚለው «መገናኘት አልተቻለም» ነው። ይህ የስልኩም ጉድለት አይደለም፣ የመደብሩም ክልከላ አይደለም። በዚህ ጊዜ ስልክ ማስጠገን፣ አካውንት መሰረዝና እንደገና መክፈት ጉዳቱ ያመዝናል፤ ኔትወርኩ በሌለበት የሰረዙትን አካውንት መልሶ መክፈት አይቻልምና።

እንዴት እንለየው?

ሦስቱን ለመለየት ባለሙያ አያስፈልግም፤ ጎረቤት ይበቃል።

አንደኛ፣ አፑን በስሙ ከመፈለግ ይልቅ አፑ ያለው ዘመድ ሊንኩን እንዲልክላችሁ አድርጉ። ሊንኩ ሲከፈት መደብሩ ምክንያቱን አብዛኛውን ጊዜ ይናገራል።

ሁለተኛ፣ ያንኑ ሊንክ በእናንተው ከተማ፣ የተለየ ስልክ በያዘ ጎረቤት ላይ ክፈቱት። በእሱ ላይ ከወረደና በእናንተ ላይ እምቢ ካለ፣ ችግሩ ስልካችሁ ሳይሆን አይቀርም። ነገር ግን የጎረቤታችሁ አካውንት በውጭ አገር የተከፈተ እንዳይሆን ጠይቁ።

ሦስተኛ፣ በከተማው ውስጥ በማንም ስልክ ላይ የማይወርድ ከሆነና ውጭ አገር ያለው ዘመድ ግን የሚያወርደው ከሆነ፣ ችግሩ አገር ነው። ስልክ አትለውጡ።

አራተኛ፣ ሌላው አፕ ሁሉ አልወርድም ካለ፣ ኔትወርኩን ወይም የስልኩን ባዶ ቦታ ተመልከቱ።

ይህን በተለይ ለዑምራና ለሐጅ የሚዘጋጁ አባቶችና እናቶች ልብ ይበሉልን። በመዲና ረውዳን ለመግባት ፈቃድ የሚያዘው «ኑሱክ» በተባለው የሳዑዲ አፕ አማካይነት ነው። አፑ በስልካችሁ ላይ መሥራት አለመሥራቱን አገር ቤት ሳላችሁ፣ ልጆቻችሁ በአጠገባችሁ እያሉ አረጋግጡ። የዕድሜ ልክ ምኞት በስልክ ማርጀት ምክንያት በር ላይ ሲቀር ያሳዝናልና።

ኬላውን ለማለፍ ስንል ምን እንሰጣለን?

የዛሬው ጽሑፍ ዋና ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። ኬላ የገጠመው ሰው አቋራጭ ይፈልጋል። አቋራጩ ደግሞ ሁለት ዓይነት ነው።

የመጀመሪያው፣ በሞባይል ቤት የሚከፈት አካውንት ነው። አንድ ሰው አይፎን ይዞ ይሄዳል፤ ሠራተኛው በራሱ ኢሜይል፣ በአሜሪካ አድራሻ አካውንት ከፍቶ አፖቹን ይጭንለታል። ባለስልኩም ደስ ብሎት ከፍሎ ይወጣል። ምን ሰጥቶ እንደወጣ ግን አያውቅም። የስልኩ ቁልፍ ያለው በአካውንቱ ባለቤት እጅ ነው። ስልኩ ተደምስሶ እንደገና ሲከፈት የዚያን አካውንት የይለፍ ቃል ሊጠይቅ ይችላል፤ ያን የማያውቅ ሰው በእጁ የቀረው ብርጭቆና ብረት ነው። ከዚህም በላይ ፎቶው፣ የስልክ ቁጥሮቹ፣ ስልኩ ያለበት ቦታ ሳይቀር በዚያ አካውንት በኩል ሊታይ ይችላል። የእናትና የእህት ፎቶ የተቀመጠበትን ሣጥን ቁልፍ ለማናውቀው ሰው እንሰጣለንን? ዐውራን መጠበቅ በልብስ ብቻ አያበቃም። ብዙዎቹ ባለሙያዎች ሐቀኞች እንደሆኑ አንጠራጠርም። ነገር ግን አማና የሚሰጠው ለታወቀ ሰው፣ በታወቀ ነገር ላይ ነው።

«የማንኖርበትን አገር አድራሻ መጻፍስ እንዴት ይታያል?» የሚል ወጣት ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። የአፕል ውል ሰው የሚኖርበትን አገር መደብር እንዲጠቀም ይላል፤ የእኛ አገር ደግሞ በዝርዝሩ ውስጥ የለችም። በዚህ መሐል ያለውን ሰው ሁኔታ መዝኖ ብይን መስጠት የዑለማዎች ድርሻ እንጂ የዚህ ዓምድ ጸሐፊ ድርሻ አይደለም፤ በአካባቢያችሁ ያሉትን ሼኾች ጠይቁ። እኛ የምንለው፣ አይፎን ለእናት ከመላክ በፊት ይህ ሁሉ መታሰብ አለበት ነው። ለላስታ እናት በመካከለኛ ዋጋ የሚገኝ፣ የተረጋገጠ የአንድሮይድ ስልክ ከውድ አይፎን ይልቅ ብዙ ጣጣ ያስቀርላታል።

ሁለተኛው አቋራጭ፣ አፑን ከመደብር ውጭ በዜንደር ወይም በቴሌግራም ተቀብሎ መጫን ነው። ኢንተርኔት ውድ በሆነበት፣ በሚቆራረጥበትም አገር ይህ ለምን እንደተለመደ ይገባናል። ይሁን እንጂ ያ ፋይል መጀመሪያ ከማን እጅ እንደወጣ፣ በመንገድ ላይ ምን እንደተጨመረበት ማን ያውቃል? አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ሑጁራት የመጣልንን ወሬ እንድናጣራ አዞናል፤ ቤታችን የምናስገባውን ፕሮግራም ማጣራትማ እንዴት አይገባን!

«ሃይማኖታዊ አፕ ስለሆነ አይጎዳም» ማለትም የዋህነት ነው። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2020 «ሙስሊም ፕሮ» የተባለው የታወቀ የሶላት አፕ ተጠቃሚዎች ያሉበት ቦታ መረጃ በደላላ ኩባንያ በኩል ለአሜሪካ ጦር አገልግሎት ወደሚሰጡ ድርጅቶች ይደርስ እንደነበር ተዘግቧል፤ አፑን የሚያዘጋጀው ድርጅትም ከደላላው ጋር ግንኙነቱን ማቋረጡን ገልጿል። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ ጉግል የተጠቃሚዎችን መረጃ በስውር የሚሰበስብ ኮድ የተገኘባቸውን አፖች ሲያነሣ፣ ከነዚያ መካከል ከ10 ሚሊዮን ጊዜ በላይ የወረደው «አል-ሙአዚን» የተባለ የአዛን አፕ ነበረበት። መደብሩ ራሱ ከእንዲህ ያለ ነገር ሙሉ በሙሉ አላመለጠም። ልዩነቱ ግን፣ መደብር ውስጥ ያለው አፕ ጥፋት ሲገኝበት ይነሣል፣ ይታረማል፤ በዜንደር የመጣውን ግን ተከታትሎ የሚያርመው የለም።

ስለዚህ የቂብላ አፕ ያላችሁበትን ቦታ ቢጠይቅ ያስኬዳል። የስልክ ቁጥሮቻችሁን ዝርዝር ወይም የጽሑፍ መልእክታችሁን ልይ ቢል ግን «ለምን?» በሉት፤ ከልክሉትም።

ሌላም ሰላማዊ መንገድ አለ። መደብር የሚከለክለውን አንዳንዱን ነገር ተራ የኢንተርኔት ማሰሻ ይሰጣል። ለምሳሌ ቁራን ዶት ኮም በተሰኘው ገጽ ላይ ሙሐመድ ሳዲቅና ሙሐመድ ሳኒ ሐቢብ ወደ አማርኛ የተረጎሙት የቁርኣን ትርጉም ይገኛል። ይህ የስልክ ኬላም ሆነ የመደብር አገር አያግደውም፤ ምንም አፕ መጫንም አያስፈልገውም።

የሪያድ ስልክ፣ የላስታ ፀሐይ

አንድ ነገር እናክል፤ ነገሩ ጾምን ይነካልና። ከዐረብ አገር የመጣ ስልክ ከነመደብሩ ብቻ ሳይሆን ከነከተማውም ሊመጣ ይችላል። የሶላት አፑ «ሪያድ» ላይ ተሞልቶ ይቀራል። የኢትዮጵያና የሳዑዲ የሰዓት አቆጣጠር ከዓለም አቀፉ ሰዓት እኩል በ3 ሰዓት ስለሚቀድም፣ ሰዓቱ ትክክል ይመስላል፤ ስሕተቱን የሚያሳብቅ ነገር የለም። ነገር ግን ሪያድ ከላሊበላ ወደ 8 ዲግሪ በሚጠጋ ርቀት በምሥራቅ ስለምትገኝ፣ ፀሐይ ቀድማ ትጠልቅባታለች። ረመዳን በፌብሩዋሪና በማርች ሲውል ልዩነቱ ከግማሽ ሰዓት ይበልጣል። በዚያ አዛን ያፈጠረ ሰው ፀሐይ ገና ሰማይ ላይ እያለች ጾሙን ፈታ ማለት ነው!

አዲስ አበባ ላይ መሙላትም ለላስታ ሰው ልክ አይመጣም። በሰኔ አካባቢ ፀሐይ በላሊበላ ከአዲስ አበባ ወደ 4 ደቂቃ ዘግይታ ትጠልቃለች፤ በታኅሣሥ ደግሞ ወደ 6 ደቂቃ ትቀድማለች። በተራራ ጥላ ሥር የሚኖር ሰውም ፀሐይ ከተራራው ጀርባ መግባቷን እንደ መጥለቋ እንዳይቆጥረው ይጠንቀቅ። እንግዲህ አፑን ከፍታችሁ የከተማውን ስም አረጋግጡ። ቪፒኤን በከፈታችሁ ጊዜ ከተማውን ከኢንተርኔት የሚወስድ አፕ ሊሳሳት እንደሚችልም አትርሱ። የዐስር ሰዓት በሻፊዒና በሐነፊ መዝሀብ ስለሚለያይ፣ የቤተሰባችሁን መዝሀብ ምረጡ። ከሁሉም በላይ የሰፈራችሁን ሙአዚን አድምጡ።

ለወጣቶቻችን

በላሊበላ፣ በወልድያ፣ በደሴ ያላችሁ የመድረሳና የአስኳላ ተማሪዎች ሆይ! ሁለቱንም ኬላ የሚተክሉት ሰዎች ናቸው። ዝቅተኛውን ቨርዥን የሚመርጥ፣ «ኮምፓስ የግድ ነው» ወይም «ባይኖርም ይሆናል» ብሎ የሚጽፍ፣ ከአገሮቹ ዝርዝር ውስጥ ኢትዮጵያን የሚመርጥ ወይም የሚተው፣ እንደ እናንተው ቁጭ ብሎ የተማረ ሰው ነው። ነገ ከእናንተ አንዱ በአማርኛ የሶላት ትምህርት ወይም የልጆች የዐረብኛ ፊደል መለማመጃ ሲሠራ፣ የአያቱን ትንሽ ስልክ ያስብ። ኮምፓስ የሌለው ስልክ ላይ ቁጥሩን በጽሑፍ ያሳይ፤ ኢንተርኔት ሲጠፋም እንዲሠራ ያድርግ፤ ከዓመት ዓመትም ያድሰው። ይህ ዕውቀት ሰደቀቱል ጃሪያ ሊሆን የሚችል ነው፤ ኒያው ከጠራ።

ወላጆችም፣ ስልክ ይዞ ወደ ሞባይል ቤት ከመሮጥ በፊት ልጆቻችሁን ቁጭ አድርጋችሁ ጠይቁ፤ «ችግሩ ስልኩ ነው፣ አገሩ ነው፣ ወይስ መንገዱ?» በሏቸው። ይህን አንድ ጥያቄ የለመደ ቤተሰብ ገንዘቡንም፣ ምስጢሩንም፣ በአላህ ፈቃድ ጾሙንም ይጠብቃል።

አላህ ጠቃሚ ዕውቀትን ይወፍቀን። በሚቀጥለው እትም በሌላ ርእስ እስክንገናኝ ቸር ያሰንብተን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።